ለቀስተኛውን ማን ያስታጥበው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ መከባበርና ስለ ሥነ ሥርዓት የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴያችን ስለ መከባበርና ስለ ሥነ ሥርዓት አንድ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲያዝዘኝ ነገሩ ለወግ ያህል አለመሆኑ ገብቶኛል። በዛሬው አጀንዳ 4ኛ ተራ ቁጥር ላይ የሰፈረውን ሐሳብ ሁላችሁም አይታችሁታል። የአባል ልጅ ሆኖ ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ሁሉ በልቅሶ ጊዜ ድንኳን ገብቶ ካላገለገለ ወላጁ በገንዘብ ይቀጣ ይላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አባሎች «ልጆቹን መለመኑ ይቅርብን፤ አስተናጋጅ ቀጥረን እንገላገል» የሚል ሐሳብ እንዳላቸው ሰምቻለሁ። እንግዲህ የምናገረው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስለሆነ፣ ሁለቱንም ሐሳብ የምቃወም መሆኔን አስቀድሜ ብገልጽ ይሻላል። ኋላ አድበስብሶ አለፈን እንዳትሉኝ።

ቅሬታው የታወቀ ነው። ከቀብር የተመለሰ ለቀስተኛ በድንኳኑ በር ላይ ውሃ የሚያፈስለት ሰው አጥቶ ጆጉን ራሱ እያነሣ ይታጠባል። ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው፤ ወንበር የሚለቅ የለም። ንፍሮ የሚያዞሩት የስድሳና የሰባ ዓመት ሰዎች ናቸው። አንዷ እናታችን ባለፈው ጊዜ ትሪውን ይዘው ሲንቀጠቀጡ ያየ ሁሉ «ዘንድሮ ልጅ የሚባል ጠፋ» ብሏል። እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ልጁ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ሁላችንም አንድ መልስ ይዘን እንቀርባለን፤ «ዱላው ስለቀረ ነው» እንላለን። እኔ ደግሞ የቀረው ሌላ ነገር ነው ባይ ነኝ።

ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ደኅና ቤት ልጅ ምን ይሠራ እንደነበር እስቲ እናስታውስ። ሽማግሌ ከበር ሲደርስ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ እያለ «ኖር!» ይላል፤ ገቢውም «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ልጅ ግን «ኖር» ብሎ ተመልሶ አይቀመጥም። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ይዞ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቀርባል። ከታላቅ ይጀምራል። ውሃው ለብ ማለቱን አስቀድሞ በእጁ ሞክሮታል፤ የቀዘቀዘ ውሃ በእንግዳ እጅ ላይ ማፍሰስ ነውር ነበራ! ማታ አባቱ ከሥራ ሲመጣ እግር ያጥባል። የሽሮ ሜዳው የሸማኔ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ቀሰም ያጠነጥናል። የቀጨኔዋ የሸክላ ሠሪ ልጅ ለእናቷ አፈር ታቀብላለች። መልእክት ይላካል፤ «እንደምን አደራችሁ ብለዋል» ብሎ ጀምሮ፣ የተባለውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አድርሶ፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቁጭ አድርጎ ስለ መከባበር ያስተማረን ሰው የለም። ነገር ግን የሚያስታጥብ ልጅ በየቀኑ የሰው እጅ ያያል። የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ማን ጥቂት ውሃ እንደሚበቃው፣ የትኛው እንግዳ ከትኛው እንደሚበልጥ ያውቃል። ሰውየው ሲጨርስ ቀና ብሎ «እደግ! ተባረክ!» ይለዋል። ልጁ ሠርቷል፣ ለሠራውም ምርቃት ተቀብሏል። የዕለት ደመወዙ እርሷ ነበረች። እኔ መከባበር ስል በአእምሮዬ የሚመጣው ይህ ነው፤ በእጅ የሚሠራና በእጅ የሚለመድ ሙያ ነበር። እንጀራ መጋገር ያለ ምጣድ እንደማይለመድ ሁሉ እርሱም ሳይሠሩት አይለመድም።

ዱላውስ? ዱላውም ነበረ፤ አልነበረም አልልም። ልምጩ፣ አለንጋው፣ ቀበቶው፣ ኩርኩሙ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከኩ ነበር። በርበሬ መታጠንም ነበር። እዚህ ካለነው ውስጥ የበርበሬ ጢስ ያልቀመሰ ጥቂት ነው፤ ስናወራው እንስቃለን። ሳቃችን ግን ስለተረፍን ነው። ዓይኑ የተጎዳ፣ ጆሮው የደነቆረ፣ ከቤት ጠፍቶ የቀረ ልጅ የዚያን ጊዜም ነበረ፤ እርሱ ዛሬ እዚህ መጥቶ አብሮን አይስቅም። ሥራውና ዱላው በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ስለኖሩ ትዝታችን ይቀላቅላቸዋል። ጨዋ ያደረገን ዱላው ይመስለናል። እስቲ ልብ በሉ፤ በየሰፈሩ እጅግ የተደበደቡት ልጆች እነማን ነበሩ? ከሁሉም ይልቅ ጨዋ የወጡት እነርሱ ናቸው? አባቶቻችን ባለጌን ሰው ሲሰድቡ «አሳዳጊ የበደለው» ነው የሚሉት። ቃሉን መርምሩት። በዳዩ ልጁ አይደለም፤ አሳዳጊው ነው። አሳዳጊ ማለት ደግሞ አባትና እናት ብቻ አይደለም።

ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ያጠፋን ልጅ ማንኛውም ትልቅ ሰው ያርመው ነበር። ነገር ግን እጁን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ከዚህች ጥያቄ የበለጠ የምንፈራው አልነበረም። ልጁ ስም ከጠራ ሰውየው ያንን አባት ያውቀዋል፤ አብሮት እድር ጠጥቷል፣ ልቅሶ ደርሶታል፣ ተበድሮታል። ቅጣቱም ምክሩም በዚያ ትውውቅ ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ አንድ ሽማግሌ በሩፋኤል መንገድ ላይ ለማያውቀው ጎረምሳ «የማን ልጅ ነህ?» ቢለው ጎረምሳው «ምን አገባህ?» ይለዋል። ስድብ ነው፤ ግን ጥያቄም አለበት። እውነትስ ምን አገባን? ስሙን አናውቅ፣ አባቱ ሲታመም አልጠየቅን።

አንዳንድ ወዳጆቼ «በደርግ ጊዜ እኮ ሥርዓት ነበረ፤ ወጣቱ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው» ይሉኛል። እንደ እድርተኛ ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እርግጥ ነው፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መንገዱ ጸጥ ያለ ነበር። የጸጥታው ምክንያት ግን ምን ነበር? በቀይ ሽብር ልጇ የተገደለባት እናት እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ላይ አይታ እንደማታውቀው ሰው ያለፈችበት ጊዜ ነበር። አባት ልጁን፣ ልጅ አባቱን በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ፍርሃት ከመጣ መጀመሪያ የሚቀረው ለሞተ ሰው የሚሰጠው ክብር መሆኑን ከእኛ ከእድር ሰዎች በላይ ማን ያውቃል? ያንን ጸጥታ ሥነ ሥርዓት ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ ከእኔ ጋር በቃል አንስማማም።

ከዚያው ዘመን ግን ሌላም አስታውሳለሁ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እኔ የ17 ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በቀበሌ አዳራሽ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል እንዳስቆጥር ተመደብኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ አያቴን የሚያህሉ፣ ጠዋት ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ወርደው ሸጠው ማታ ለትምህርት የሚመጡ እናት ነበሩ። ወደ ክፍሉ ስገባ ወገባቸውን ይዘው ከፍ ለማለት ይሞክራሉ፤ «ተቀመጡ እንጂ እማማ!» ብላቸው «የኔታ ሲገባማ አይቀመጡም» ይሉኛል። በማግስቱ መንገድ ላይ ኳስ ስጠልዝ ካገኙኝ ደግሞ ያው የኔታ ጆሮው ይቆነጠጣል! ማታ «የኔታ»፣ ቀን «አንተ ዱርዬ»። ሴትዮዋ አንዱን ከአንዱ አልቀላቀሉም። ማታ ያስነሣቸው የያዝኩት ሥራ ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ለሚሰጠው ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት በቅቷል፤ ኋላም በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። መንግሥቱ ለራሱ ዓላማ ይጠቀምበት እንደነበር አይጠፋኝም። ሆኖም ትልቅ ሰው ለትንሽ ሰው ሥራ ሲነሣለት ትንሹ ምን ያህል እንደሚያድግ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በራሴ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ሰውን ማስነበብ እንጂ መንቀፍ አልቃጣኝም፤ ለጥቂት ወራት ማለቴ ነው።

ሕጉም ቢሆን ባለበት አልቆመም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ሁለቱም በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸውና እርስ በርስ የመከባበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን ማሠቃየትን ይቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚደረግ ተግሣጽ ግን በዚያ አይሸፈንም። ስለዚህ «ሕግ ልጅ መምከር ከለከለን» የሚባለው ሰበብ ነው። ሕግ ምክርን አልከለከለም። ማንቆርቆሪያንም አልከለከለም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «አንተ» እና ስለ «እርስዎ» አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ በየልቅሶ ቤቱ ይነሣልና። የዛሬ ልጆች አባታቸውን «አንተ» ይላሉ፤ አንዳንዶቻችን ይህን የጥፋት ሁሉ መጀመሪያ አድርገን እናየዋለን። እኔ አባቴን «እርስዎ» ብዬ ነው የቀበርኩት፤ ልጆቼ ግን «አንተ» ይሉኛል፤ አልተናደድኩም። ሰው ሲጸልይ ፈጣሪውን እንኳ «አንተ» ይላል እኮ! የሚያስቆጣኝ «አንተ» ያለኝ ልጅ አይደለም። «እርስዎ» ብሎኝ የያዝኩትን ከባድ ዘንቢል አይቶ የሚያልፈኝ ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ያንን ሙያ ያጡት እንዴት ነው? እኛው ነን ያስለቀቅናቸው። ቧንቧው ቤት ገባ፤ ማስታጠብ ቀረ፤ ይህስ ደግ ነው። ለእንግዳ ምግብ ከውጭ ይታዘዛል። ልጁን «አንተ ብቻ ተማር፤ ሌላው እኔ አለሁ» እንለዋለን። እንግዳ ሲመጣ «ግባ ወደ ክፍልህ፤ አትረብሸን» ብለን ስልኩን እንሰጠዋለን። አሥር ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት እንዲጠፋ አስተምረነው በ16 ዓመቱ ድንኳን ውስጥ «ሰው ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም» ብለን እናማዋለን። ከየት ይወቀው? «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚባለው ተረት ለዚህም ይሠራል።

ከዚህም በላይ ሰፈሩ ራሱ ተበታትኗል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤት እየደረሳቸው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ የሄዱ አባሎች አሉን። ሞት ሲሆን ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ እድራቸውን አልለቀቁም፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ልጆቻቸው ግን ጉለሌን የሚያውቋት በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ ነው። እነዚህን ልጆች «ለምን አታገለግሉም» ብሎ መቅጣት የማያውቁትን ሰው ለምን አላከበራችሁም እንደማለት ነው።

ልጆቹ ጨርሶ ልብ የላቸውም የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ያየነውን አንርሳ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ድንኳናችን ተጠቅልሎ ግምጃ ቤት ሲቀመጥ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ከቤት አትውጡ ስንባል፣ በየታክሲ ተራውና በየመንደሩ መግቢያ ጆግና ሳሙና ይዘው የቆሙት እነማን ነበሩ? ወጣቶች ነበሩ። የማያውቁትን መንገደኛ ሁሉ ያስታጥቡ ነበር። ማንም በአለንጋ አላወጣቸውም፤ ማንም ወላጃቸውን እቀጣለሁ አላለም። ሥራው ታያቸውና ወጡ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ተባረኩ» ሲላቸው ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ። ያች የጥንት ማንቆርቆሪያ በእነርሱ እጅ ተመልሳ የመጣች መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እኛ ምን አደረግን? አመስግነን ወደየቤታቸው ሰደድናቸው። የሚቀጥል ሥራ አልሰጠናቸውም።

አሁን ወደ ቅጣቱ ልመለስ። ቅጣትን በሚመለከት እድራችን የብዙ ዓመት ልምድ አለው። ከቀብር ለቀረ ቅጣት አለ፣ ለስብሰባ ለዘገየ ቅጣት አለ፣ ሥነ ሥርዓት አጉድሎ ለተናገረ ቅጣት አለ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይፈራው የነበረው ገንዘቡን አልነበረም፤ ስሙ በስብሰባ ላይ መነበቡን ነበር። ዛሬስ? ገንዘብ ያዣችን ይመስክሩ፤ አቅም ያለው አባል በወሩ መጀመሪያ መጥቶ «መዋጮዬ ይኸው፤ የቅጣቴም ይኸው፤ በዚህ ወር ላልገኝ እችላለሁ» ብሎ ቀድሞ ይከፍላል። ቅጣቱ የመቅሪያ ዋጋ ሆኗል። በልጆች ላይም ያው ነው የሚሆነው። ያለው አባት ከፍሎ ልጁን ያስቀራል፤ የሌለው አባት ልጁን እየገፋ ያመጣል። ድንኳኑ ውስጥ የሚያገለግሉት የድኻ ልጆች ብቻ ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ይህን እያዩ ያድጋሉ። እድር ይህን አይቶ ዝም ካለ ስሙን ይቀይር።

አስተናጋጅ መቅጠሩም ቢሆን ድካሙን ያቀልልናል፤ አልክድም። አቅመ ደካሞች ስለሆንን ለወንበርና ለድንኳን ሸክም ጉልበተኛ ብንቀጥር አልቃወምም። ነገር ግን ለቀስተኛን ማስታጠብ፣ ንፍሮ ማዞር፣ የሐዘንተኛን ራስ መደገፍ በቀን ሒሳብ አይሰጥም። የቀጠርነው ሰው ማን እንደሞተ አያውቅም። ሐዘንተኛዋ ቀና ስትል የምታየው የጎረቤቷን ልጅ ፊት መሆን አለበት።

ስለ መዝገባችን አንድ ነገር ልናገር፤ ጸሐፊያችን ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእያንዳንዱ አባል ልጆች ስም በመዝገቡ ላይ ተጽፏል። ለምን? ቢሞቱ ስንት ብር እንደሚከፈል ለማወቅ። ከዚያ ውጪ እድሩ ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። አንድ ልጅ በዚህ ማኅበር መዝገብ ላይ ያለው ሬሳ ሊሆን ስለሚችል ብቻ ከሆነ፣ ማኅበሩ የእርሱ መሆኑን ከየት ያውቃል?

ስለዚህ በ4ኛው አጀንዳ ላይ የማቀርበው የማሻሻያ ሐሳብ ይህ ነው። ቅጣት የሚለው ይውጣ። በምትኩ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ እንጀምር፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመት የሞላ ልጆች በፈቃዳቸው ይመዝገቡ። በየተራው ሁለት ወጣት ከአንድ ነባር ተረኛ ጋር ይመደብ። ነባሩ የሚያዝ ብቻ ሳይሆን የሚያሳይ ይሁን፤ ድንኳን እንዴት እንደሚወጠር፣ ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚታጠብ ሠርቶ ያሳያቸው። ከግምጃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ አንዱ በወጣቶቹ ተጠሪ እጅ ይሁን። ዕቃ ቢጎድል እንደ ማንኛችንም ይጠየቁበታል። በጠቅላላ ስብሰባም ስለ ልቅሶ አገልግሎት በሚነሣ ጉዳይ ሐሳብ እንዲሰጡ ይፈቀድላቸው፤ ሲናገሩም «አንተ ልጅ ዝም በል» የሚል አባል ካለ ያው የተለመደው የሥነ ሥርዓት ቅጣት ይውደቅበት። ለዚህ ለዚህስ ቅጣቱ አይከፋም።

አንዳንዶቻችሁ ስለ ቁልፉ ስታጉረመርሙ እየሰማሁ ነው። ያለፈው ቆጠራ ሲደረግ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበርና ስንት አግዳሚ እንደጎደለ ላስታውሳችሁ እችላለሁ፤ ባይሆን ይቅር።

ሐሳቡ ከጸደቀ መዝገቡ ዛሬ ስብሰባው እንዳለቀ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ወላጅ በልጁ ፋንታ ሊያስመዘግብ አይችልም። ልጁ ራሱ መጥቶ ስሙንና የማን ልጅ እንደሆነ ይናገር፤ የጀሞና የኮዬ ፈጬ ልጆችም ጭምር። እናንተ ከኋላ ያላችሁት፣ ከመውጣታችሁ በፊት በዚህ በፊት ለፊት በኩል እለፉ።